ትምህርት ቤቱ ለልጆች ሲያሰጋ ወረዳን መጠየቅ፦ ከመዝገብ ቤት እስከ ምክር ቤት

ስለ ትምህርት ቤት የሚቀርብ አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ተድበስብሶ የሚቀረው ሐሰት ስለሆነ አይደለም። ማን እንዲመልስ እንደተጠየቀ ስለማይታወቅ ነው። «የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጠን» ተብሎ የተጻፈ ማመልከቻ ማንንም አይመለከትም። በጀቱን የሚደለድለው አንድ አካል ነው፤ መምህሩን የሚመድበው ሌላ፤ ሕንፃው አደገኛ ነው ብሎ ማስለቀቅ የሚችለው ደግሞ ሦስተኛ። ከዚህ በታች ያለው በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) እና በቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ውስጥ ለሚሠሩ፣ እንዲሁም ልጃቸውን የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚልኩ ወላጆች የተጻፈ ነው። በሥራው ላይ ስንቆይ ምን እንደሚያስኬድና ምን እንደሚያስቀር ያየነውን አስፍረናል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በማግሥቱ ዓመትም ቁጥሩ ከዚያ አልተሻሻለም። ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ነበር። ነገር ግን ያ ልጅ አንደኛ ክፍል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲማር፣ አራተኛ ክፍል ሦስት ሆነው አንድ መጽሐፍ ሲጋሩ፣ ሰባተኛ ክፍል ግማሽ ዓመት ያለ ሒሳብ መምህር ሲያሳልፍ፣ እያንዳንዱን ነገር ወረዳው ያውቀው ነበር። የ12ኛ ክፍል ውጤት የአሥራ ሁለት ዓመት የአካባቢ ውሳኔ ድምር ነው፤ ስለዚህ ጥያቄውም መጀመር ያለበት ከአካባቢ ነው።

ማን ምን ሥልጣን አለው

ሚኒስቴሩ ፖሊሲና የትምህርት ቤት ደረጃ ያወጣል፤ የቀበሌያችሁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጣሪያ ግን አያስጠግንም፣ መምህሩንም አይቀጥርም። በክልሎች አሠራር ክልሉ ለወረዳው በጀቱን በጥቅል ይሰጠዋል። ያንን ጥቅል ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውሃና ለመንገድ የሚከፋፍለው የወረዳው ካቢኔ ነው፤ የሚያጸድቀው የወረዳው ምክር ቤት። «በጀት የለም» የሚለው መልስ ስለዚህ ብዙ ጊዜ «ካቢኔው ለሌላ ሥራ አስቀደመ» ማለት ነው። ይህ ማለት መብታቸው አይደለም ለማለት አይደለም፤ ምርጫ መሆኑን ግን አምነው ምክንያቱን ማስረዳት አለባቸው።

የትምህርት በጀት ሲነገራችሁ ጠቅላላ ድምሩ አያታልላችሁ። አብዛኛው ገንዘብ ለደመወዝ ይውላል። የምትፈልጉት ሁለት መስመር ነው፦ ሥራ ማስኬጃው እና ካፒታሉ። ጠመኔ፣ ጥገና፣ የመፀዳጃ ቤት ማጽጃ፣ የሱፐርቫይዘር ትራንስፖርት ከሥራ ማስኬጃው ይወጣል። አዲስ ክፍል መገንባት ከካፒታሉ ነው። «የትምህርት በጀታችን በዚህን ያህል ሚሊዮን አድጓል» የሚል ሪፖርት ስትሰሙ፣ ከዕድገቱ ውስጥ የደመወዝ ጭማሪ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቁ። ቀሪው ትንሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዴም ቀንሶ።

ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሁሉም የሚረባረብበት ሰው ነው። ይህ አግባብ አይደለም፣ ጥቅምም የለውም። እሱ የሚጠየቀው በእጁ ባለው ነገር ነው፦ በክፍለ ጊዜ አጠቃቀም፣ በንጽሕና፣ በተማሪዎች ላይ በሚደርስ ዱላ፣ በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ በሚመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ ገንዘብ አወጣጥ። የመምህር እጥረት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ የሚፈርስ ሕንፃ ጥያቄው ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ ይህን ለወረዳው በደብዳቤ አሳውቆ ከሆነ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ይስጣችሁ፤ አላሳወቀም ከሆነ ያኔ እሱም ይጠየቃል።

መጀመሪያ መለካት

ወደ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ለመረጃ ስጡ። ሦስት ወይም አራት ወላጆች፣ ከተቻለ አንዱ ግንበኛ ወይም አናጺ፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደው ግቢውን ይዙሩ። ልጆች በሌሉበት ሰዓት ቢሆን ይሻላል።

ጭቃና እንጨት የሆነ ክፍል ከሆነ ከምሰሶው ጀምሩ። ምሰሶ የሚበሰብሰውና ምስጥ የሚበላው ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ከላይ ያለው ክፍል ደህና ሆኖ ሊቀር ይችላል። ልክ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በረጅም ምስማር ወጋ አድርጉት። ጤነኛ እንጨት ምስማሩን ይመልሰዋል። የተበላው ግን ያለ ግፊት ጣት ያህል ያስገባዋል፣ ሲወጣም ዱቄት የመሰለ ነገር ይዞ ይወጣል። በጭቃ የተለሰነና ኖራ የተቀባ ግድግዳ ውስጥ ያለ ምሰሶ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ልስኑን በትንሹ ፍቆ ማየት ግድ ነው። ስንት ምሰሶ እንዳያችሁና ስንቱ እንደተበላ ጻፉ። «ቤቱ ሊወድቅ ነው» ከማለት «በ4ኛ ክፍል ካሉት 14 ምሰሶዎች 6ቱ ከሥራቸው ተበልተዋል» ማለት እጅግ ይለያል። የመጀመሪያውን ኃላፊው በንግግር ያስተባብለዋል፤ ሁለተኛውን ለማስተባበል ግን ባለሙያ መላክ አለበት። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው።

የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ስንጥቅ ካለው፣ የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ አጭር መስመር አስምሩና ቀኑን እዚያው ግድግዳው ላይ ጻፉ። በጣም በሰፋበት ቦታ ስፋቱን በማስመሪያ ለኩ፤ ማስመሪያው ስንጥቁ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱ። ከወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ድገሙ። ስንጥቁ ከእርሳሱ መስመር አልፎ ከሄደ ወይም ከሰፋ ሕንፃው እየተንቀሳቀሰ ነው። የልስን ስንጥቅ ብዙ ጊዜ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ በአንድ ወገን ብቻ ይታያል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ በውስጥም በውጭም የሚታይ፣ ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ መሐንዲስ ሊያየው የሚገባ ነው። ግድግዳው ወደ ውጭ ያበጠ ወይም ያዘነበለ ከሆነ ግን ወር አትጠብቁ፤ ልጆቹ በዚያው ቀን ይውጡ።

ስለ መፀዳጃ ቤት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ፣ ለ50 ወንዶች አንድ ከሽንት መሽኛ ጋር ይላል። ቀዳዳዎቹን ሳይሆን የሚሠሩትን ቁጠሩ። የሚሠራ ማለት ወለሉ የማይንቀጠቀጥ፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ጉድጓዱ ያልሞላ ነው። ከወለሉ እስከ ቆሻሻው ከግማሽ ሜትር ያነሰ ከቀረ ሞልቷል ተብሎ ይያዛል። ከጉድጓድ ውሃ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር መራቁንም በሜትር ለኩ። ወለሉ የእንጨት ከሆነ ከምንም በፊት የሚቀየር እሱ ነው፤ ልጅ ገብቶ ሊሞት ይችላል። ቁልፍ የሌለው የሴቶች መፀዳጃ ቤትም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ከፍ ያሉት ልጃገረዶች በወር አበባ ቀናቸው ከትምህርት የሚቀሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ ማስተካከያው ደግሞ አንድ መቀርቀሪያ ነው። ለመቀርቀሪያ የወረዳ በጀት አትጠብቁ።

ውሃን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ለወረዳው በሚልከው የስታቲስቲክስ ቅጽ ላይ «ውሃ አለ» ተብሎ ይሞላል፤ ቧንቧው ስላለ። ውሃው ግን በሳምንት አንድ ቀን ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ያለፈው ወር ስንት የትምህርት ቀን ውሃ እንደፈሰሰ መዝግቡ። መመዘኛውም በአንድ ተማሪ በቀን 5 ሊትር ነው። የቅጹን ቅጂ ከትምህርት ቤቱ ጠይቁና በዓይናችሁ ካያችሁት ጋር አስተያዩ። ወረዳው ዕቅድ የሚያወጣው በዚያ ቅጽ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ ቅጹ ላይ ያለ ስህተት ለዓመታት የተማሪዎቹን ድርሻ ያሳጣል።

የተማሪ ብዛት ስትቆጥሩ መዝገብ ብቻ አትዩ፤ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጡትን ቁጠሩ። በመደበኛ ቀን አንድ ጊዜ፣ በገበያ ቀን አንድ ጊዜ። የመንግሥት መለኪያ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ፣ በሁለተኛ ደረጃ 40 ነው። መጽሐፍ ደግሞ አንድ ለአንድ። የባከነ ክፍለ ጊዜን የክፍል አለቆች ቢመዘግቡት ይቀላል፦ ቀኑ፣ ክፍለ ጊዜው፣ የትምህርቱ ዓይነት፣ መምህር ገባ ወይስ አልገባ። የመምህሩ ስም አይጻፍ። በሳምንት ከ30 ክፍለ ጊዜ 6ቱ ከባከነ ልጁ በየሳምንቱ አንድ ሙሉ ቀን ያጣል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ምክንያቱን ጠይቁ፤ መምህር አልተመደበም፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ደመወዝ ለመቀበል ወረዳ ሄደ፣ ታመመ። የመፍትሔው ባለቤት እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ብዙ ጊዜ መምህራንን በሥራ ቀን ለስብሰባ የሚጠራው ራሱ ወረዳው ሆኖ ይገኛል።

የኢንስፔክሽን ሪፖርቱ የት አለ?

የኢንስፔክሽን ሪፖርት የመንግሥት ባለሙያዎች ትምህርት ቤቱን መዝነው የሚያወጡት ነው። በእጃችሁ ከሚገቡ ሰነዶች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፣ ወላጅ ግን እምብዛም አይጠይቀውም። በ2006 ዓ.ም. በወጣው ማዕቀፍ ትምህርት ቤቶች በ26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ፤ ግብዓት 25 በመቶ፣ ሂደት 35 በመቶ፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ እስከ 70 ድረስ ደረጃ 2፣ እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። ሪፖርቱ ስለ እያንዳንዱ ስታንዳርድ ጉድለቱንና ምክረ ሐሳቡን ይዘረዝራል። ያም ማለት መንግሥት ራሱ በራሱ ባለሙያ ጉድለቱን አምኖ ፈርሞበታል። ከእንግዲህ «ችግር አለ» ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ «በዚህ ቀን በወጣው ሪፖርት ቁጥር ይህ ምክረ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ምን ተሠራበት?» ማለት ብቻ ነው።

ሪፖርቱን ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ወይም በወረዳው ታገኙታላችሁ። «ለውስጥ አሠራር ነው» ካሏችሁ አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ። ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለ መረጃ የመጠየቅ መብት አለው። የአገር ደኅንነት፣ የግለሰብ ምስጢርና መሰል በሕጉ ከተቆጠሩት በቀር መከልከል አይቻልም፤ ምላሹም በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። ጥያቄውን ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት አቅርቡ። ከከለከለ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ ይባላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12ም የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ ኃላፊ ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል። አንቀጽ መጥቀስ ቁጣ መስሎ እንዳይታይ በትሕትና አንድ ጊዜ ብቻ ጥቀሱት። በየመስመሩ የተደጋገመ አንቀጽ ኃላፊውን ወደ መከላከል ይመራዋል።

ማመልከቻው

አንድ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ። ጣሪያ፣ መምህር፣ መጽሐፍና አጥር በአንድ ወረቀት ከተደረደሩ ኃላፊው ቀላሉን መርጦ «ለጥያቄያችሁ ምላሽ ተሰጥቷል» ይላል። አጻጻፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የ3ኛ ሀ መማሪያ ክፍል በባለሙያ እንዲመረመር ስለመጠየቅ። የክፍሉ የምሥራቅ ግድግዳ ስንጥቅ ታኅሣሥ 10 ቀን 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ጥር 10 ቀን 11 ሚሊ ሜትር ሆኗል። በክፍሉ 64 ተማሪዎች ይማራሉ። ጽሕፈት ቤቱ በ15 ቀናት ውስጥ ባለሙያ ልኮ እንዲያስመረምርና ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቀን፣ እስከዚያው ተማሪዎቹ በፈረቃ በሌላ ክፍል እንዲማሩ እንዲያደርግ በአክብሮት እንጠይቃለን። አባሪ፦ 4 ፎቶግራፍ፣ 1 ገጽ ቃለ ጉባኤ።»

ተለክቶ የቀረበ ነገር፣ በስንት ልጅ ላይ እንደሚደርስ፣ ምን በስንት ቀን እንዲደረግ፣ እስከዚያስ ልጆቹ የት ይሁኑ። ከዚህ ውጭ ታሪክና ሮሮ አያስፈልገውም። ግልባጩን ለወረዳው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት እና ሕንፃ ከሆነ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ለሚሠራው ክፍል አድርጉ። የሕንፃ ሹም ባለበት ከተማ አደገኛ ሕንፃን የማስለቀቅ ሥልጣን የእሱ ነው፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ዝም ቢል እንኳ እሱ ዝም ማለት አይችልም።

በሁለት ቅጂ አትማችሁ መዝገብ ቤት አስገቡ። የእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ገቢ ቁጥርና ቀን ይደረግበት። ለኃላፊው በእጅ መስጠት ክብር ይመስላል፣ ግን ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። የወረዳ ኃላፊ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፤ አዲሱ ሰው «እኔ አላውቅም» ሲል የሚመልስለት ያ ገቢ ቁጥር ነው። ፋይሉን ደግሞ አንድ ሰው ቤት ብቻ አታስቀምጡ፤ የወተመህ ሰብሳቢ ሲለወጥ አብሮት እንዳይጠፋ ሁለት ቦታ ይኑር፣ በስልክም ፎቶ ይነሣ።

የምትሰሟቸው መልሶች

«ከላይ አልወረደም» ሲባል፦ የተጠየቀበት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይሰጠን። ወረዳው ሳይጠይቅ ከዞን ወይም ከክልል የሚወርድ ነገር እምብዛም የለም። ደብዳቤ ከሌለ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ ካለ ደግሞ ቀጣዩ ማመልከቻችሁ አድራሻው ለዞን ትምህርት መምሪያ ይሆናል።

«በዕቅድ ተይዟል» ሲባል፦ በየትኛው ዓመት ዕቅድ፣ በየትኛው የበጀት መስመር፣ በስንት ብር? ዕቅድ ያለ በጀት ምኞት ነው። ሲወያዩበት ከነበረው ሰነድ ላይ ያንን ገጽ ብቻ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ።

«ኅብረተሰቡ ይሳተፍ» የሚለው ከሁሉም ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ወላጅ ለልጁ ሲል አይጨክንም። ብዙ ትምህርት ቤት የቆመው በወላጅ መዋጮ፣ ድንጋይና ጉልበት ነው፤ ይህ ኩራት ነው። ነገር ግን መዋጮ ከመጀመሩ በፊት ወረዳው የራሱን ድርሻ በጽሑፍ ያስቀምጥ፦ እኛ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት፣ እናንተ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ባለሙያ፣ በዚህ ቀን። ይህ ሳይፈረም የተጀመረ ግንብ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያ ሳያገኝ ክረምት ይመታዋል። እንዲህ ተጀምረው የቀሩትን በየወረዳው ማየት ይቻላል።

እናንተም የምትሰበስቡት ገንዘብ ንጹሕ መሆን አለበት። በደረሰኝ ተሰብስቦ፣ በሁለት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ገብቶ፣ ገቢና ወጪው በየሦስት ወሩ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ይለጠፍ። የሌላውን ሒሳብ የሚጠይቅ ኮሚቴ የራሱን ካላሳየ መጀመሪያ የሚወጋው በዚሁ ነው።

ጊዜው

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ጥያቄያችሁ መድረስ ያለበት ወረዳው የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ ሲያሰናዳ፣ ቢያንስ እስከ መጋቢት ነው። በመስከረም፣ ትምህርት ሲጀመር፣ የሚነሣ የግንባታ ጥያቄ በጀቱ ከተደለደለ በኋላ የመጣ ነው፤ ወላጆች ደግሞ የሚሰበሰቡት በአብዛኛው ያኔ ነው። ሌላው ችግር ግዢ ነው። ገንዘቡ ሐምሌ ላይ ይለቀቅና ጨረታው እስኪያልቅ ኅዳር ይሆናል፤ ክረምት ክፍሎቹ ባዶ ሳሉ መሠራት የነበረበት ጥገና ልጆች ባሉበት ይጀመራል። ስለዚህ የጥገና ሥራ ከሆነ ሰነዱ በሰኔ ተዘጋጅቶ እንዲያልቅ በሚያዝያ ጠይቁ።

ሚያዝያ ለሌላ ጥያቄም ጥሩ ነው፦ ከዘንድሮው የጥገናና የካፒታል በጀት ምን ያህል ሳይሠራበት ቀርቷል? ወረዳ ሥራ ላይ ያላዋለው ገንዘብ በዓመቱ መጨረሻ ከእጁ ይወጣል፤ ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ጥድፊያ አለ። የተዘጋጀ ዝርዝር፣ ብዛትና ዋጋ ያለው ጥያቄ ያለው ትምህርት ቤት ያኔ ይጠቀማል። ዴስክ ያጣ ትምህርት ቤት «ዴስክ ቸግሮናል» ሳይሆን «42 ተጣማሪ ዴስክ፣ በዚህ ዋጋ» የሚል ወረቀት ይዞ ይጠብቅ።

ምክር ቤቱ ጋ መድረስ

ከቀበሌያችሁ የተመረጠ የወረዳ ምክር ቤት አባል አለ። ስሙን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። ከጉባኤው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አንድ ገጽና አንድ ጥያቄ ስጡት፤ ገቢ ቁጥሩን አብሮ ይዞ እንዲነሣ። አምስት ጥያቄ ከሰጣችሁት በጠቅላላ ሪፖርት ውስጥ ይሟሟል። ማኅበራዊ ጉዳዮችን የሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ መጥቶ ክፍሉን እንዲያይ መጋበዝ ደግሞ ከንግግር ሁሉ ይበልጣል፤ ቀኑ ዝናብ ቢሆን ይመረጣል። የመስክ ጉብኝት ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል፣ ቃለ ጉባኤውም ሰነድ ነው።

የማኅበራዊ ተጠያቂነት ሥራ (ተገልጋዮች የመንግሥትን አገልግሎት የሚመዝኑበት ፕሮግራም) በነበረባቸው ወረዳዎች የውጤት መመዘኛ ካርድ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድ ተማሪዎች፣ ሴት ተማሪዎች፣ አካል ጉዳተኞች ለየብቻ ተቀምጠው አገልግሎቱን ነጥብ ይሰጡታል፤ መምህራንም ለብቻቸው። ከዚያ ከኃላፊዎቹ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ የጋራ የማሻሻያ ዕቅድ ይፈራረማሉ። ፕሮግራሙ ባይኖርም ዘዴውን መጠቀም ይቻላል። የሚበላሸው ቡድኖቹ ሲደባለቁ ነው። ሴት ልጆች አባቶች ባሉበት ስለ መፀዳጃ ቤት አይናገሩም፤ መምህራንም ርዕሰ መምህሩ ባለበት ዝም ይላሉ። ዕቅዱ ላይ «የሚመለከታቸው» የሚል ባለቤት አይጻፍ። የኃላፊነት ስም፣ ቀን፣ ሥራ።

ወረዳው በ15 ቀን ካልመለሰ አስታዋሽ ደብዳቤ፣ ከዚያ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ክልል ትምህርት ቢሮ። ጎን ለጎን የወረዳው ቅሬታ ሰሚ አለ። የአስተዳደር በደል ሲሆን እንባ ጠባቂ፣ የገንዘብ ጉድለት ሲሆን የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና አካል። እነዚህ ሁሉ መጀመሪያ «እዚያው ጠይቃችኋል ወይ?» ስለሚሉ ማኅተም ያለበት ቅጂ ሳይኖር መሄድ ድካም ነው። በአዲስ አበባ መሰላሉ ወረዳ፣ ክፍለ ከተማ፣ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ ነው።

በመንገዱ ላይ ልጆችንና መምህራንን ጠብቁ። መምህር በአቤቱታ ላይ አይፈርም፤ ለዝውውርና ለምዘና ወረዳው እጅ ነው ያለው። ፊርማው የወላጆች ይሁን፣ ብዙ ይሁን፣ በፊደል ተራ ይሰለፍ እንጂ መሪ አይታይበት። የልጅ ፊት በፎቶ አይውጣ።

ለስብሰባ የማይቀርብ ነገር

በትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪ ላይ ጾታዊ ጥቃት ከደረሰ ይህ ሁሉ ሥርዓት አይሠራም፤ ማመልከቻም ኮሚቴም የለም። ልጅቷ ወይም ልጁ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ይድረሱ፣ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከዚያ በኋላ አይሰጥምና። ገላ አይታጠቡ፣ ልብሱ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፣ በቀጥታ ለፖሊስ ይነገር። ሽምግልና የለውም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 እና 627 ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ይደነግጋሉ፤ ፈጻሚው የልጁ መምህር መሆኑ ቅጣቱን ያከብደዋል። «መምህሩ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ይዛወር» የሚል አስተዳደራዊ ውሳኔ አደጋውን ለሌሎች ልጆች ማሸጋገር ነው፤ እንዲህ የወሰነ ኃላፊ ራሱ በጽሑፍ ይጠየቅ። ዱላም ቢሆን የተለመደ ስለሆነ ብቻ አይታለፍ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን በግልጽ አስፍሯል።

ክፍሉ ከተሠራ በኋላ

አዲስ ክፍል ሲፈቀድ ብዙ ኮሚቴ ይበተናል፤ ሥራው የሚበላሸው ደግሞ ያኔ ነው። የውሉን መጠን፣ የሥራ ዝርዝሩንና የማጠናቀቂያ ቀኑን ጠይቃችሁ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ለጥፉ። መሠረት ሲቆፈር ጥልቀቱን ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩ፤ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም። ብሎኬት ከመጣ በኋላ ለቀናት ውሃ መጠጣቱን፣ የኮንክሪት ወለልና ዓምድ ቢያንስ ለሰባት ቀን መርጠቡን ተከታተሉ፤ ትምህርት ቤቱ ውሃ ከሌለው ይህ ይዘለላል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። በጊዜያዊ ርክክብ ቀን ሁለት ወላጆች ይገኙና በሮች መዘጋታቸውን፣ የጣሪያ ምስማሮች መጥበቃቸውን፣ የዝናብ ውሃ ከመሠረቱ ርቆ የሚሄድበት ቦይ መኖሩን ይዩ፤ ጉድለቱ በርክክብ ሰነዱ ላይ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የዋስትና ጊዜው እስኪያልቅ የሥራ ተቋራጩ የተወሰነ ክፍያ በመያዣነት ተይዞበት ይቆያል። የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ክፍሉን እንደገና ዞራችሁ የሚያፈስበትንና የተሰነጠቀበትን መዝግቡ፣ ደብዳቤውንም የመጨረሻ ርክክብ ከመፈረሙና መያዣው ከመለቀቁ በፊት መዝገብ ቤት አስገቡ።